ጉንዳኑን ስከስ ምስጡ ቤቱን በላ

ተማሪ ሲሳሳት አስተማሪው በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሠምርበትና ነገሩ በዚያው ያልቃል። አስተማሪ ሲሳሳት ግን ቀዩን እስክሪብቶ የሚያነሣበት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። የኔ ስሕተት የተጻፈው በደብተር ላይ ሳይሆን ባንዲት ባልቴት ቤት ወጋግራ ላይ ስለሆነ፣ ዝም ብዬ እንዳልፈው ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። ስለዚህ እስክሪብቶውን ራሴ አንሥቼ ስሕተቴን ላርም ተነሥቻለሁ። ምናልባትም በቤቱና በጓሮው ጉንዳን ያስቸገረው አንባቢ ቢኖር ይጠቅመው ይሆናል።

ኮሌጅ ጨርሼ የሥነ ሕይወት አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት በምዕራብ ወለጋ በምትገኝ ባንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። በነጆና በመንዲ በኩል የተጓዘ ሰው በየእርሻውና በየግጦሹ ላይ እንደ ዘበኛ ቆመው የሚታዩትን ቀያይ ኩይሳዎች ሳያይ አያልፍም። አገሩ በምስጥ የታወቀ ነው። እንግዲህ ያገሬ ሰው ይታዘበኝ! እኔ በምስጥ አገር መካከል ተቀምጬ ጉንዳን ከሰስኩ።

የተከራየሁት ካንዲት ባልቴት ቤት አንዱን ክፍል ነው። ቤቱን የሠሩት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። እንደ ብዙዎቹ ያገራችን ቤቶች ግድግዳው ባህር ዛፍ ሆኖ፣ እንጨቱ ያለ ድንጋይ መሠረት በቀጥታ ባፈር ውስጥ ተተክሎ፣ በማገር ታስሮ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። እማማ የሚተዳደሩት ከኔ በሚያገኙት ኪራይና ከጓሯቸው በምትለቀም ጥቂት ቡና ነበር። ከዚያ ቤት ሌላ ሀብት አልነበራቸውም።

በመጀመሪያው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር ዝናብ ጣል ካደረገ በኋላ፣ ከክፍሌ ጥግ ካለው ወጋግራ ሥር ትልልቅ ጥቋቁር ጉንዳኖች ሲወጡና ሲገቡ አየሁ። ከቀዳዳው በታች መጋዝ የበላው እንጨት የመሰለ ደቃቅ ብናኝ ተከምሯል። እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ምስጥ እንዳይሆን፣ ልጄ?» አሉኝ።

እኔም የተማርኩትን ሁሉ ባንድ ጊዜ ዘረገፍኩት። ይህ አናጢ ጉንዳን የሚባለው ነው፤ እንጨት አይበላም፤ ነገር ግን ለመኖሪያው ሲል እንጨቱን እየቦረቦረ ብናኙን ወደ ውጭ ይጥላል፤ ስለዚህ ጉንዳኑን ብናጠፋ ቤቱ ይድናል አልኳቸው። የተናገርኩት ከመጽሐፍ ያገኘሁት ስለሆነ ከቃሉ አንድም ሐሰት አልነበረበትም። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ለሰሜን አሜሪካ የእንጨት ቤቶች እንደነበረ በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። እማማም፣ «አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ታውቃለህ» ብለው ነገሩን ለኔ ተዉልኝ።

ከዚያ በኋላ ጦርነት ታወጀ። በመጀመሪያ የፈላ ውሃ አፈሰስኩ፤ ቀጥሎ ላምባ ጨመርኩበት፤ በመጨረሻም ከገበያ ስሙ ያልተጻፈበት፣ በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ገዝቼ በግድግዳው ዙሪያ ነሰነስኩ። በማግሥቱ ሁለት የእማማ ዶሮዎች ሞተው ተገኙ። የዶሮዎቹን ዋጋ ከፈልኩ እንጂ ከዚያ ምንም አልተማርኩም። ሦስት ሳምንት ያህል ከታገልኩ በኋላ ጉንዳኑ ጠፋ። ቀዳዳውን በጭቃ ደፍኜ አለሰለስኩትና፣ በክፍል ውስጥ የጉንዳን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ድሌን ለተማሪዎቼ አወራሁላቸው። እማማም መረቁኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ይመስለኛል።

ሐምሌ ገባ። ባንድ የዝናብ ሌሊት ከጥጉ በኩል ቋ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፋኖስ አብርቼ ብመለከት የግድግዳው ጭቃ ተሰንጥቋል፤ የጣሪያው ጥግ ወደ ታች ዘንበል ብሏል፤ በሩም አልከፈት አለኝ። በመስኮት ወጥቼ እማማን ቀሰቀስኩ። ሌሊቱን ቆርቆሮውን ባጣና ደግፈን፣ እህላቸውን ከሚያፈሰው ጥግ አሽሽተን አደርን። ሲነጋ አናጢ ጠርተን ወጋግራው ሲፈለጥ፣ ከላይ እንጨት ይመስል የነበረው ቅርፊት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ በእርጥብ ጭቃ ተሞልቷል፤ በጭቃውም መካከል ነጫጭ ምስጥ ይርመሰመሳል። በዚያ ወገን ከቆሙት ወጋግራዎች አምስቱ እንደዚያው ነበሩ።

እውነቱ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ምስጡ ከኔ መምጣት በፊት ገብቶ እንጨቱን ሲበላ ኖሯል። ጉንዳኑ ደግሞ ባዶውን ስፍራ አግኝቶ ቤት አድርጎታል። በዚያ ላይ ጉንዳን ከምስጥ ጠላቶች ሁሉ ዋነኛው ነው፤ አድኖ ይበላዋል። እንግዲህ በዓይኔ ያየሁት እውነት ነበር፤ የፈረድኩት ፍርድ ግን ሐሰት ሆነ። ጉንዳኑ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ቤቱ ይድን ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የእንጨቱን መቦርቦር የሚመሰክርልኝን ምስክር ገደልኩ፤ የመጣበትንም በር በጭቃ ደፈንኩ፤ ሦስት ወርም በከንቱ አለፈ።

እማማ ወጋግራዎቹን አይተው፣ «ምን ይደረግ፣ ቤቱም አርጅቷል፤ የእግዜር ሥራ ነው» አሉ። አንባቢ ሆይ፣ ከዚያች ሰዓት የበለጠ ፈተና ገጥሞኝ አያውቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ጥፋቱ በቤቱ ዕድሜ ላይ ተላክኮ፣ የኔም የተማረ ሰውነት ሳይነካ ይቀር ነበር። እስከ ማታ ድረስ ዝም አልኩ። ማታ ቡና ሲፈላ ግን ሁሉንም ነገርኳቸው። እማማ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ፈልጠን አላየነውም?» አሉኝ።

«አላየኸውም» ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። «አላየነውም» ማለታቸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የእንጨቱንና የአናጢውን ዋጋ ከደመወዜ በየወሩ ከፈልኩ፤ ከሁለት ባልደረቦቼም ጋር ሆነን ለመሠረቱ የሚሆን ድንጋይ ተሸከምን።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ጉንዳንና ምስጥ ይምሰሉ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። የጉንዳን ዘመዶች ንብና ተርብ ናቸው፤ የምስጥ የቅርብ ዘመድ ደግሞ በረሮ ነው። ጉንዳን ወገቡ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ምስጥ ግን ከደረቱ እስከ ሆዱ ወጥ ነው። የጉንዳን አንቴና እንደ ክርን ይታጠፋል፤ የምስጥ እንደ ተሰካ ዶቃ ቀጥ ያለ ነው። ዝናብ ሲጀምር ሁለቱም ክንፍ አውጥተው ሲበሩ ይታያሉ። ያን ጊዜም ቢሆን የጉንዳን የፊት ክንፍ ከኋላው ሲረዝም፣ የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፤ ቶሎም ስለሚረግፉ ጧት ከመብራት ሥር ተከምረው ይገኛሉ።

ሥራቸውም ይለያል። አናጢ ጉንዳን የቦረቦረው እንጨት ውስጡ ንጹሕና በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ያህል ልስልስ ነው፤ ምስጥ የበላው ግን በጭቃና በአፈር ይሞላል። ጉንዳን በአደባባይ ይሄዳል፤ ምስጥ ግን ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው፣ በግድግዳ ላይ እርሳስ የሚያህል የጭቃ መሿለኪያ ሠርቶ በውስጡ ይመላለሳል። ኩይሳ ከሚሠሩት ወገኖች አንዱ ማክሮተርመስ የሚባለው ሲሆን፣ የቆረጠውን እንጨትና ሣር ወደ ጎጆው ወስዶ እንጉዳይ መሰል ምግብ ያበቅልበታል። እንደ ገበሬ የሚያርስ ጠላት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። በቢላዋ እጀታ ወጋግራውን ከሥሩ ጀምሮ መታ መታ ያድርጉት። ደህና እንጨት ድምፁ ድፍን ነው፤ የተበላው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል። በግድግዳው ላይ የጭቃ መሿለኪያ ካገኙ ጥቂቱን ይፋቁትና ከጥቂት ቀን በኋላ ይመልከቱት፤ ታድሶ ካገኙት ምስጡ በሥራ ላይ ነው።

ጠላቱ ጉንዳን ብቻ ሆኖ ከተገኘ ብዙ አያስጨንቅም። በመንገድ የሚታየውን ጉንዳን መርጨት ትርፉ ድካም ነው፤ ንግሥቲቱ በጎጆዋ ውስጥ ሆና ሌላ ትወልዳለች። ማታ ማታ መንገዱን ተከትሎ ጎጆውን ማግኘት ይሻላል። ከስኳር ውሃ ጋር ጥቂት ቦሪክ አሲድ ደባልቆ፣ ልጅና እንስሳ በማይደርስበት ስፍራ ቢያስቀምጡት፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ተሸክመው ለጎጆው ያካፍሉታል። አናጢ ጉንዳን የሚወደው እርጥብና የበሰበሰ እንጨት ስለሆነ፣ የሚያፈስ ጣሪያን መጠገንና የበሰበሰውን እንጨት መለወጥ ዋናው መድኃኒት ነው።

ምስጥ ሲሆን ግን ሥራው የሚጀመረው ቤት ሲሠራ ነው። እንጨት በቀጥታ አፈር እንዳይነካ መሠረቱ በድንጋይና በሲሚንቶ ከፍ ቢል፣ ምስጡ መሿለኪያውን በውጭ በኩል ለመሥራት ይገደዳልና ይታያል። ከእንጨትም ጽድ ከባህር ዛፍ ይልቅ ምስጥን ይቋቋማል። ማገዶንና ጭድን ከግድግዳ አስጠግቶ መከመር፣ የዛፍ ጉቶ በጓሮ መተው፣ የጣሪያ ውሃ ከግድግዳ ሥር እንዲጠራቀም ማድረግ፣ ይህ ሁሉ ምስጥን ግብዣ መጥራት ነው። በጓሮ ያለን ኩይሳ ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ሆኖም ፍጹም ዋስትና አይደለም።

ስለ መርዝም አንድ ቃል ልጨምር። ቀድሞ ለምስጥ ይረጩ የነበሩት አልድሪን፣ ዲየልድሪንና ክሎርዴን በአፈርና በሰው ገላ ውስጥ ለብዙ ዘመን የሚቆዩ ስለሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነት እንዲወገዱ ተወስኗል። ስሙ ያልተጻፈበትን ዱቄት ከገበያ ገዝቶ በቤት ውስጥ መነስነስ ምን እንደሚያስከትል የእማማ ዶሮዎች መስክረዋል። መርዝ የግድ ካስፈለገ የግብርና ባለሙያ ጠይቆ መግዛት ነው።

አሁን የእማማ ቤት በድንጋይ መሠረት ላይ ቆሟል። ስለ ነፍሳት የማስተምርበት ቀን ሲደርስ ሁለት ጠርሙስ ይዤ ወደ ክፍል እገባለሁ፤ ባንዱ ጉንዳን፣ በሌላው ምስጥ አለ። ተማሪዎቼን ለይተው እንዲነግሩኝ ከመጠየቄ በፊት፣ አስተማሪያቸው ሳይለይ ምን እንዳደረገ እነግራቸዋለሁ። ይሥቁብኛል፤ ይሣቁ፤ ትምህርቱን ግን አይረሱትም።

ከወር ወር ቅዳሜ ጧት እማማ ቢላዋቸውን ይዘው በቤቱ ዙሪያ ይዞራሉ፤ እኔም እከተላቸዋለሁ። እሳቸው ያንኳኳሉ፤ እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ። እርስዎም አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ሲጨርሱ መርዝ ፍለጋ ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት፣ ቢላዋዎን ያንሡና የቤትዎን ወጋግራ አንኳኩተው ያዳምጡ። ከተጠራጠሩም ፈልጠው ይዩት።