ሩቅ የሚባል አገር

በቋንቋችን ውስጥ መለኪያቸው ሳይታወቅ ከሚነገሩት ቃላት አንዱ «ሩቅ» የሚለው ነው። አንድ ዕቃ ከባድ ነው ቢባል ሚዛን አለ፤ ረጅም ነው ቢባል ክንድ አለ፤ አንድ አገር ሩቅ ነው ሲባል ግን «ከማን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ተናጋሪው ራሱን የምድር እምብርት አድርጎ፣ ከተቀመጠበት ወንበር የማይታየውን ሁሉ ሩቅ ብሎ ይሰይመዋል። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶቻችን። የማይናፍቀንን አገር ለማወቅ አንደክምም፤ ያላወቅነውንም አገር ሩቅ የሚል ስም ሰጥተን እንተወዋለን።

ይህን ነገር እንድናወጣና እንድናወርድ ያደረገን፣ በአንድ የጥር ወር ከመቱ ተነሥተን በጎሬና በጋምቤላ በኩል እስከ ኢታንግ ድረስ ብቻችንን በቢስክሌት ያደረግነው ጉዞ ነው። ስለ ጉዞው ከመናገራችን በፊት ግን ስለ መጓጓዣው ጥቂት ቃል እንድንል አንባቢ ይፈቅድልናል ብለን እናምናለን።

አይሮፕላን ሰውን ከአንድ ከተማ አንሥቶ በሌላው ከተማ ያወርዳል እንጂ በመካከል ያለውን አገር አያስተዋውቅም። አውቶሞቢልም ቢሆን መስተዋቱን ዘግቶ ያልፋል፤ ከመንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ የሚደርሰው አቧራው ብቻ ነው። በቅሎ ለአገራችን ዳገትና ቁልቁለት የተስማማች የተመሰገነች እንስሳ ናት፤ ነገር ግን በበቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ሰላምታው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በቢስክሌት የሚሄድ ሰው ግን ዐይኑ ከእግረኛው ዐይን ጋር ትክክል ነው። የሚዘጋው መስኮት የለውም፤ የሚያስፈራ ድምፅ የለውም። ሲጠማው ቆሞ ውኃ ይለምናል፤ ሲመሽበት ቆሞ ማደሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ የቢስክሌት መንገደኛ፣ ሀብታምም ይሁን ድኻ፣ ሹምም ይሁን ተማሪ፣ በደረሰበት ሁሉ እንግዳና ለማኝ ነው። የቢስክሌት ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለናል።

በዚህ መሣሪያ ዓለምን ያቋረጡ ሰዎች ታሪክ የታወቀ ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1884 እስከ 1886 ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ሰው የፊት ጎማው እጅግ ትልቅ በሆነ በዚያ ዘመን ቢስክሌት ዓለምን በመዞር የመጀመሪያው ሆነ። ካዚሚየሽ ኖቫክ የሚባለው ፖላንዳዊ ደግሞ ከ1931 እስከ 1936 ድረስ ብቻውን አፍሪካን ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብም ወደ ሰሜን አቋረጠ፤ አብዛኛውን በቢስክሌት፣ የቀረውን በፈረስ፣ በግመል፣ በታንኳና በእግሩ ሄዶ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። አይርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በ1963 ከአገሯ እስከ ሕንድ ድረስ ብቻዋን በቢስክሌት ሄዳለች። ይህችው ሴት ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ አገራችን ስትመጣ ግን ቢስክሌቷን ትታ፣ ከአንዲት በቅሎ ጋር በሰሜን ተራሮች በእግሯ መጓዟን በመጽሐፏ ተርካለች።

የእኛም አገር ልጆች ለቢስክሌት እንግዶች አይደሉም። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይሁን እንጂ ውድድርና ጉዞ የተለያዩ ናቸው። ተወዳዳሪ ቀድሞ ለመድረስ ይሄዳል፤ መንገደኛ ግን ከደረሰ በኋላም ሳይሆን ገና በመንገድ ሳለ የሚያተርፍ ነጋዴ ነው።

አሁን ወደ ኢታንግ እንምጣ። ይህች በባሮ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ከጋምቤላ ወደ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብዙ ሰው ስሟን ሲሰማ የአገር ዳርቻ አድርጎ ያስባታል። ነገር ግን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በአዲስ አበባ የተፈራረሙት የወሰን ውል የኢታንግን ስም ይጠራል። በዚያ ውል በአራተኛው አንቀጽ፣ በባሮ ዳር በኢታንግ አጠገብ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ በወንዙ በኩል ያለው ርዝመት ከ2,000 ሜትር ያላለፈ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተፈቀደ። ጣቢያውም በመጨረሻ ከኢታንግ በላይ በጋምቤላ ተቋቋመ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው ይመጡ ነበር፤ ሲመለሱም የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ፤ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ቡና ለሚፈልገው ነጋዴ ኢታንግ ሩቅ አልነበረችም። በለንደን የተቀመጠ ሹም ስሟን አውቆ በውል ጽፏታል፤ መርከበኛውም ክረምት በመጣ ቍጥር ሳይታክት መጥቶባታል። ፈላጊ ያለው አገር መንገዱ አጭር ነው።

እኛ የሄድንበት መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት በጎሬ ጋቢ ለብሰን፣ በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለውን ቡና እያየን ጀመርን፤ ቡሬን አልፈን ቁልቁለቱ ሲበረታ ፍሬን የጨበጠው እጃችን ደነዘዘ። ከዚያ በታች ነፋሱ ራሱ የምድጃ ትንፋሽ ይመስላል። በጭነታችን ውስጥ የነበረው አንድ ትንሽ ድንኳን፣ የጎማ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ ሁለት ኮዳ ውኃና በሶ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤም ይዘን ነበር፤ ከኬላ ጠባቂዎች በቀር ያነበበው ሰው ግን አልነበረም። በየመንደሩ የተጠየቅነው ደብዳቤ ሳይሆን «በልተሃል ወይ?» የሚል ነበር።

ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ የተነሣነው ሙቀቱን ለመቅደም ሰማይ ሳይቀላ ነው። ወደ ምዕራብ ስለምንሄድ የወጣችው ፀሐይ ጀርባችንን ታሞቀው ነበር። አገሩ ሜዳ ነው፤ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከብት የሚነዱ የኑዌር ልጆች ሲያዩን «ማሌ! ማሌ!» እያሉ ይሮጡ ነበር፤ ይህም በቋንቋቸው የሰላምታ ቃል ነው። ከመንገዱ እኩሌታ በላይ እንደ ሄድን የግራር እሾህ የኋላውን ጎማ ወጋው፤ መንፊያችንም በዚያው ሰዓት እንቢ አለ። በአካባቢው ቤት አይታይም ነበር።

ጥቂት እንደ ቆየን ከኢታንግ በኩል አንድ ሰው በቢስክሌት መጣ። ቢስክሌቱ አሮጌ ነው፤ ማርሽ የለውም፤ በኋላው ላይ ቁመቱ እስከ ጀርባው የሚደርስ የደረቀ ዓሣ ተጭኗል። ሳንጠራው ወረደ፤ ሳንነግረው ጎማውን ፈታ። ከኪሱ ቁራጭ ላስቲክ አውጥቶ፣ ቀዳዳውን በእኛው ማስቲሽ ለጥፎ፣ በራሱ መንፊያ ነፋልን።

«ወዴት ትሄዳለህ፣ ወንድሜ?» አለን በአማርኛ።

«ወደ ኢታንግ።»

«ለሥራ ነው?»

«አይደለም፤ አገር ለማየት ነው።»

ሳቀና፣ «አገርማ አንተም ዘንድ አለ» አለን።

እርሱ ይህን መንገድ በየሳምንቱ ዓሣ ጭኖ ወደ ጋምቤላ እየሄደ ይመለሳል። ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም ብሎ፣ «ነገ አንተ ሌላውን ታነሣለህ» ብሎን ሄደ። ከተለያየን በኋላ ፔዳል እየረገጥን ሂሳቡን አሰላነው። ደርሶ መልስ በሳምንት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር፤ በስምንት ዓመት ውስጥ 40,000 ይሞላል። ይህ ያ የተመሰገነ ፖላንዳዊ አፍሪካን ያቋረጠበት ርዝመት ነው። የዚያኛው ስም በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የዚህኛው ድካም ግን ወደ ገበያ መሄድ ብቻ ይባላል። እኛ ጀብዱ ብለን የጀመርነው ጉዞ ለዚያ ሰው የሳምንት ተግባሩ ነበር።

ኢታንግ ስንደርስ ፀሐይዋ በርትታ ነበር። በወንዙ ዳር በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ዕድሜ የጠገቡ የአኝዋክ ሽማግሌ ተቀምጠው መረብ ያበጁ ነበር። አንድ ተማሪ አስተርጓሚ ሆነን።

«ከየት መጡ? ይሉዎታል» አለ ልጁ።

«ከአዲስ አበባ» አልን።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወንዛችሁ ማን ይባላል? ይሉዎታል።»

ጥቂት አሰብንና «ቀበና» አልን።

«ዓሣ አለው ወይ?»

«የለውም።»

«ታንኳ ይሄድበታል ወይ?»

«አይሄድበትም።»

«ውኃውንስ ትጠጡታላችሁ ወይ?»

«አንጠጣውም።»

ሽማግሌው መረቡን ትተው በኀዘኔታ አዩን፤ ከዚያም ለቤተ ሰባቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁም ፈገግ ብሎ፣ «‹ይህ ሰው ከሩቅ ነው የመጣ፤ በቶሎ የሚበላ ስጡት› ነው ያሉት» አለን። የበቆሎ ገንፎና ዓሣ ቀረበልን። በዚያ ሰዓት ሩቅ አገር የምትባለው አዲስ አበባ ነበረች፤ ከሩቅ አገር የመጣ ምስኪንም እኛ ነበርን።

ይሁን እንጂ ስለ ኢታንግ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ጽፎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በክረምት ባሮ ከዳሩ ሲወጣ ቤትና እርሻ ይወስዳል። በአኝዋክና በኑዌር ወገኖች መካከልም ደም የፈሰሰበት ጊዜ አለ። እኛም በየጠዋቱ «የዛሬ መንገድ እንዴት ነው?» ብለን የአገሩን ሰው ሳንጠይቅ አልተነሣንም፤ ሂድ ሲሉን ሄድን፤ ቆይ ሲሉን ቆየን። ብቻችንን ተጓዝን ብንልም፣ እውነቱን ለመናገር ከመንደር ወደ መንደር በሰዎች ቃል ተሸኝተን ነው የደረስን።

ደግሞም ወደ ኢታንግ የመጣ ሁሉ አገር ለማየት የመጣ አይደለም። በሱዳን ጦርነት ምክንያት ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ በዚህ ስፍራ የተቋቋመው የስደተኞች ሰፈር በዓለም ከነበሩት እጅግ ትልልቅ ሰፈሮች አንዱ ሆኖ፣ በመዝገብ ከ200,000 በላይ ሰው ይቈጠርበት ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲሆን ያ ሁሉ ሕዝብ እንደገና ተነሥቶ ወደ መጣበት ጦርነት በእግሩ ተመለሰ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ውጊያ ሲጀመርም በዚያው ዓመት ተርኪዲና ኩሌ የሚባሉት ሰፈሮች በኢታንግ ወረዳ ተከፈቱ። በዚያ መንገድ ከልጆቿ መካከል የትኛውን እንደምትሸከምና የትኛውን በእጇ እንደምትይዝ እየመረጠች የሄደች እናት ብዙ ናት። እኛ የምንመለስበት ቤት ስለ ነበረን ድካማችን ደስታ ተባለ፤ ቤት ለሌለው ሰው ግን ያው መንገድና ያው ፀሐይ መከራ ናቸው። በቢስክሌት ብዙ ኪሎ ሜትር ሄድሁ ብሎ የሚመካ ሰው በኢታንግ ቢያልፍ ትምክሕቱን ማራገፉ አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ቃል እንመለስ። በመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤዎች ላይ «ከቦታው ርቀት የተነሣ» የሚል ሐረግ አዘውትረን እናነባለን። መጽሐፉ ያልደረሰው ከቦታው ርቀት የተነሣ ነው፤ መድኃኒቱ የዘገየው ከቦታው ርቀት የተነሣ ነው፤ መምህሩም ዓመቱ ሳይሞላ ዝውውር የጠየቀው እንዲሁ ነው። የቆላው ሙቀት ሥጋን እንደሚያደክም እኛም አይተነዋል፤ የበረሃ አበልም ለሚደክም ሰው የሚገባው ዋጋ ነው። ነገር ግን ሙቀትና ርቀት አንድ አይደሉም። መርከብ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ቡና ፍለጋ የደረሰበትን ቦታ፣ የዓሣ ነጋዴ በየሳምንቱ በአሮጌ ቢስክሌት የሚመላለስበትን መንገድ፣ እኛ ደብተርና ክኒን ለማድረስ ሩቅ ነው ብንል፣ የራቀው አገሩ ሳይሆን አሳባችን ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ዕረፍት ስታገኙ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ የአገራችሁን ዳርቻ በእግራችሁ ወይም በቢስክሌት እዩ፤ የሰውን ውኃ ጠጡ፤ የሰላምታውንም ቃል ተማሩ። መምህራን ሆይ፣ ካርታ ስትሰቅሉ ለተማሪዎቻችሁ የከተሞቹን ስም ብቻ ሳይሆን በየወንዙ ዳር ማን እንደሚኖር ንገሯቸው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ «ሩቅ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ብዕራችሁን ጥቂት አቁሙና «ከማን?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያ ስፍራ የተወለደ ልጅ ማለዳ ተነሥቶ ትምህርት ቤት ሲደርስ ሩቅ አገር መኖሩን አያውቅም፤ አጠገቡ ያለውን ወንበርና መጽሐፍ ብቻ ይፈልጋል።