«ማን ነካው?» ሳይሆን «መቼ?»

ከኮምፒዩተር ላይ የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ ወዲያው አይጠፋም። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት ወላጅ ሁሉ መናገር ልማዴ ሆኗል። ጎረቤቶቼ ሰልችቷቸዋል፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ ጀምሮ ለገሃር ጡረታ ወጣ። በ2010 ዓ.ም. ሕመሙ ሲጠናበት ወንድሜ አጠገቡ እየተቀመጠ ድምፁን በስልክ ይቀዳው ጀመር። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ዘር ማንዘራችን ያወራው ሁሉ 31 ቅጂ ሆነ። ቅጂዎቹ ሳሎናችን ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ «አባባ» በሚል ፎልደር ተቀመጡ። ካረፈ በኋላ ፎልደሩን ደፍሮ የከፈተው የለም። እናቴም እኔም ድምፁን ለመስማት አልጨከንም፤ እዚያ መኖሩ ብቻ ይበቃን ነበር።

የ11 ዓመቱ ልጄ ለጌም ቦታ ሲያጣ ማንም የማይከፍተውን ፎልደር ፈልጎ ሰረዘ። በልጅ ሒሳብ ካየነው ስሌቱ ትክክል ነው። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረገው። በነጋታው አጎቱ ስለ ቅጂዎቹ ሲያነሳ ሰማና ምን እንዳደረገ ገባው። ዝም አለ። ምግብ ቀነሰ፣ ኳሱን ተወ፤ አራት ቀን ሙሉ ዝም አለ። በአምስተኛው ቀን ለአያቱ ተናገረ።

እናቴ ስለ ኮምፒዩተር የምታውቀው በኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ምጣዱ ሲጨስ ወይም መብረቅ ሲያስፈራት የምታደርገውን አደረገች፤ ሶኬቱን ነቀለች። «በቃ፣ አሁን ማንም አይነካውም። እናትህ ስትመጣ አብረን እንነግራታለን» ብላ አባበለችው። በኋላ ይህን የነገርኩት ቴክኒሻን ሳቀና «እማማ ያደረጉትን ነው እኔም የማዘው» አለኝ።

ምክንያቱን እንዲህ አስረዳኝ። ኮምፒዩተር የእያንዳንዱን ፋይል ስምና ቦታ በመዝገብ ይይዛል። ፋይሉ ሲሰረዝ መዝገቡ ላይ «ይህ ቦታ ክፍት ነው» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ፋይሉ ራሱ አይነካም። ነገሩ የኪራይ ቤት ይመስላል፦ የተከራዩ ስም ከመዝገብ ተፍቋል፣ ዕቃው ግን አሁንም ቤቱ ውስጥ ነው። ዕቃው ወደ ውጭ የሚጣለው አዲስ ተከራይ ሲገባ ነው። አዲስ ተከራይ ማለት ደግሞ የሚወርድ ፊልም፣ የሚጫን ጌም፣ ዊንዶውስ እኛ ሳናዝዘው በራሱ የሚጽፈው ሁሉ ነው። የጠፋውን ለመፈለግ ብለን የምንጭነው ሶፍትዌር እንኳ እዚያው ዲስክ ላይ ካረፈ የምንፈልገውን ሊደመስሰው ይችላል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጥገና ቤት ሰውየው ኮምፒዩተሩን ገና ሳይከፍተው «ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ እንደ አዲስ እንጫንበት» አለኝ። ኮምፒዩተሬን አንስቼ ወጣሁ። ሁለተኛው ወጣት ግን ሃርድ ዲስኩን አወጣና ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘው። በመጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጠ፤ ፍለጋውን ያካሄደው በግልባጩ ላይ ነው። የተጠቀመበት ፎቶሬክ የሚባል፣ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነበር። ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ ድምፅም ሰነድም ይፈልጋል። ሌላ ሬኩቫ የሚባልም አለ፤ ማይክሮሶፍትም በ2020 እ.ኤ.አ. የራሱን አውጥቷል፣ ግን ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሠራ ስለሆነ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አይመችም። በየትኛውም ቢሆን የተገኘው ፋይል የሚቀመጠው በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ነው።

ከ31ዱ 24ቱ ሙሉ ሆነው ተገኙ። ሦስቱ መሐል ላይ ተቆርጠዋል፣ አራቱ የሉም። ልጁ ዝም ባለባቸው አራት ቀናት ጌሙ ተጭኗል፣ ሌላም ሌላም ወርዷል፤ በየቀኑ አዲስ ተከራይ ሲገባ ነበር። በብዙ ቤት ዕቃ ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነካው?» ነው። ለጠፋ ፋይል ግን የሚጠቅመው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነው። ቁጣ የፈራ ልጅ ይህን አይመልስም። እናቴ ያቀፈችው ለስላሳ አያት ስለሆነች ነው እንጂ ይህን አስባ አይደለም፤ ሆኖም ከጭንቀቱ የተነሳ አንድ ቀን ቢጨምር ስንቱ እንደሚቀር እንጃ።

የእኛ ኮምፒዩተር አሮጌ መሆኑ እንደጠቀመን ልብ በሉልኝ። በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ያለው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ «ክፍት ነው» የተባለውን ቦታ ከሥር ከሥሩ ራሱ ስለሚያጸዳ፣ ከሱ ላይ የተሰረዘን መልሶ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ከፍላሽ ላይ የሚሰረዝ ደግሞ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። በስልክ ነገሩ ይቀላል፦ ጉግል ፎቶስ ላይ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ከተሰረዘ በኋላ 60 ቀን፣ አይፎን ላይ 30 ቀን ቅርጫት ውስጥ ይቆያል። የልጅ ልጃችሁ የክርስትና ፎቶ ጠፋ ብላችሁ ከማልቀሳችሁ በፊት እዚያ እዩ።

ከአራቱ ሁለቱን ደግሞ ካላሰብነው ቦታ አገኘናቸው። ወንድሜ ያኔ ዋሽንግተን ላለችው እህቴ በቴሌግራም ልኮላት ኖሯል። ቴሌግራም መልእክቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ስልክ ብትቀይርም እዚያው ነበሩ። አሁን ሁሉም በሦስት ቦታ አለ፦ እኛ ቤት፣ ወንድሜ ቤት፣ እህቴ ጋ።

ቴክኒሻኑ ያልመለሰልን ነገር ስማቸውን ነው። ፎቶሬክ ፋይሉን በይዘቱ እየለየ ስለሚያወጣ የቀድሞ ስሙን አያመጣም። ወንድሜ «የባቡሩ ታሪክ»፣ «አያቶቻችን» እያለ የጻፈው ሁሉ ቀርቶ የቁጥር ክምር ብቻ መጣልን። የትኛው ምን እንደሆነ ለማወቅ ማዳመጥ ግድ ሆነ። ስንት ዓመት የሸሸነውን ድምፅ ለፋይል ስም ስንል ከእራት በኋላ ቁጭ ብለን መስማት ጀመርን። የመጀመሪያው ምሽት ከበደን፤ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ነው የጨረሰችው። በሦስተኛው ምሽት ግን «ኧረ ውሸት! እንዲህ አልነበረም» እያለች ከሟች ባሏ ጋር ትከራከር ነበር። ስም የሚጽፈው ልጄ ነው። አያቱን ብዙም አያስታውሰውም፣ ሳሉን ግን አሁን ለይቶ ያውቀዋል።

ከተቆረጡት ሦስቱ በአንዱ አባቴ፣ ባቡሩ አዋሽ ጣቢያ ሲቆም ከመስኮት አንዲት ልጅ አየሁ ይላል። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ዘንቢል ይዛለች። «ወረድኩና...» ሲል ድምፁ ይቋረጣል። ልጄ ወደ አያቱ ዞሮ ከዚያስ ምን ሆነ አላት። ቀሪውን እንደምታውቀው ከፈገግታዋ ያስታውቃል፤ ግን ሰው በተሰበሰበበት አልናገርም ብላለች። እሱም የፋይሉን ስም ቦታ እስካሁን ባዶውን ትቶታል።