«እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሏት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በአዋላጅነት ስሠራ ያለ ቀናቸው የመጡ ብዙ ሕፃናት ተቀብያለሁ። ከዚያ የያዝኩትን ልጻፍ።

1. ዓለም እነዚህን ሕፃናት የሚያስብበት ቀን ኅዳር 8 ይውላል። ከተማ ሐምራዊ ሪባን ይታሰራል፤ እኛ ዘንድ ግን አጨዳ ነው፣ አዳራሽ ማን ይመጣል? ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ምን እንደሚሻ ማወቅ ያለባቸው አማቶችና ጎረቤቶች ናቸው። እነሱን የማገኛቸው ሰንበቴ ላይ ነው።

2. ብርድ ይገድላቸዋል። እንደተወለዱ ማጠብ ይቅር፤ ቅቤ ማዋጥም እንዲሁ። እንገሩ ይበቃል፤ መጥባት ካቃታቸው ታልቦ ይሰጣቸው። ከዚያ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርጎ፣ ደረት ላይ ገላ ለገላ በነጠላ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። ዘዴው በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ ላይ ማሞቂያ ሲያጥር ተጀመረ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዶክተር ቦጋለ ወርቁ አጥንተውታል። ማሞቂያ ለጠፋበት አገር መላ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሞቂያ ባለበትም ልጁ እንደተወለደ ይጀመር ይላል።

3. እናት ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ደረት መቀያየር ያስፈልጋል። ከቡሬ ገጠር የመጡ አንዲት አያት «ትሰበርብኛለች» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። የቀሚሳቸውን ደረት ከፍተን የልጅ ልጃቸውን አሰርንላቸው፣ ጋቢ ደረብንላቸው። ጥቂት ቆይተው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ትንፋሿን ያዳምጡ ጀመር። ምራታቸው ልጄን ብትል «ትተኛበት፣ ተዪያት» ብለው አልመልስ አሉ!

4. ልጅ ሲወለድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል። ያለ ቀኑ ለወለደች እናት ግን ጠያቂው «አይዞሽ፣ እግዜር ይተካልሻል» ይላል። ልጇ እኮ ደረቷ ላይ እየተነፈሰ ነው። ገንፎው እንደቀረባትም ታውቃለች።

5. ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ከተባለ፣ ልጁ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሳይሆን ደረት ላይ ታስሮ ይሂድ። አምቡላንስ ቢገኝ እንኳ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ፣ ቤት የቀሩት ልጆች፣ ያልታጨደው ዳጉሳ አሉ። እድራችን ለቀብር ድንኳንም ገንዘብም አለው፤ ሆስፒታል ለከረመች አራስም ጥቂት ይውጣ ብዬ ጠይቄ ነበር። «ለቀብር የተዋጣ ነው» ብለው ሽማግሌዎቹ አልተቀበሉኝም። ጎረቤት በተራ እንጀራ እንዲጋግርላት፣ የባሏ ማሳም በደቦ እንዲታጨድ ስጠይቅ ግን የተቃወመ አልነበረም።