ሮጠን ያቃጠልነውን መልሰን እንብላ?

 

ጂንካ ያለን ወጣቶች ከዐሱር በኋላ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ እንሮጣለን። ስልካችን «ይህን ያህል ካሎሪ አቃጠልክ» ሲለን በቀጥታ ወደ ፓስቲና ስኳር ወደበዛበት ሻይ ነው። «ለፍተንበታል» እንላለን።

ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ የሚያቃጥለው በግምት 300 ካሎሪ ነው። አንድ ግራም ዘይት ብቻውን 9 ካሎሪ አለው። ስልኩም ብዙ ጊዜ አብዝቶ ይቆጥራል። ውፍረት ለመቀነስ የሚሮጥ ሰው ሁሉንም መልሶ ከበላው ለምን ሮጠ?

እዚሁ ደቡብ ኦሞ ቦዲዎች ለካኤል በዓል የሚወዳደሩ ወንዶችን ለወራት አስቀምጠው ወተትና ደም ያጠጧቸዋል። (ደሙ ለእኛ ሐራም ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) የሚያወፍራቸው ወተቱ ብቻ ሳይሆን መቀመጡም ነው። ከብት ተከትሎ የሚውለው ወንድማቸው ቀጭን ነው።

ግን ሁላችንም አንድ አይደለንም። ከመካከላችን አንዱ ሐሙስን ጾሞ፣ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም ውሎ፣ በሦስት ተምርና በውሃ ብቻ አፈጠረ። ዒሻ ላይ ሶፍ ውስጥ ወደቀብን። ወላሂ ደነገጥን! ረሃቡን ዙህድ አድርጎት ነበር። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ትንሽ መብላቱን ስናደንቅለት ነበርና። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ለአቡ ደርዳእ ነፍሱም ሐቅ እንዳላት ሲነግረው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነቱን እንደሆነ አረጋግጠዋል። ለዚህ ወንድማችን ያወጣውን ጉልበት በምግብ መመለስ ሐቁ እንጂ ኢስራፍ አይደለም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ከእኛ ጋር ጠግቦ ይበላል። እኛ ፓስቲውን ወደ አንድ አውርደናል፤ የሻዩ ስኳር ግን እስካሁን አስቸግሮናል።