መጋዘኑ ሲሞላ ቡድኑ ይፈርሳል

እኛ የመተማ ልጆች ኳስ የተጫወትነው አዳራሽ ውስጥ ነው ስንል የሚያምነን የለም። እሺ፣ አዳራሽ ማለታችን የሰሊጥ መጋዘን ነው። ግን ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ በር አለው። ከዚህ በላይ አዳራሽ ምን ይሆናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሊጥ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይታጨዳል፣ መጋዘኑ ይሞላል፣ ከዚያ ተሽጦ ያልቃል። ሚያዝያና ግንቦት ሲገቡ መጋዘኑ ባዶውን ይቀራል። በነዚያ ወራት ደግሞ የቆላው ሙቀት 40 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል፤ ሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወት ጤነኛ ሰው የለም። የመጋዘኑ ቆርቆሮም ቢሆን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ግን ጥላ ጥላ ነው። አባባ የምንላቸው ዘበኛ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱንም በር ይከፍቱልንና እሳቸው ዳኛ፣ ታዛቢና ተመልካች ሆነው ይቀመጣሉ። በዚህ በኩል አምስት፣ በዚያ በኩል አምስት። ኳሷ ከሜዳ አትወጣም፤ ግድግዳ መትታ ትመለሳለች። ግድግዳው ስድስተኛ ተጫዋች ነበር፣ ያውም ከሁላችን የተሻለ የሚያቀብል።

የቡድናችን ስም ዳሸን ነበር። አዎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ የማይሞላ አገር ላይ ተቀምጠን ራሳችንን ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ ሰየምን። ግን ስሙን የወሰድነው ከተራራው አልነበረም፤ ከቢራው ነው። ከቢራውም ሳይሆን ከቢራው ቡድን።

ለማታስታውሱት፦ ዳሸን ቢራ የሚባል የጎንደር ክለብ ነበር። ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና ጋር ጎንደር ላይ፣ በፋሲለደስ ስታዲየም ተጫውቷል። ከመተማ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሸህዲ፣ ነጋዴ ባሕር፣ አይከል፣ አዘዞ እያልን በአይሱዙ ጀርባ የሄድንበትን ቀን አንረሳውም። አይከል ስንደርስ ብርዱ ጥርሳችንን አንቀጫቀጨው፤ ጃኬት የሚባል ነገር የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ እሱንም ተራ በተራ ለበስነው።

ስታዲየም ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ የጎንደር ልጅ ከየት እንደመጣን ጠየቀን። ነገርነው። «ለዳሸን ብላችሁ ከመተማ?» ብሎ ሳቀ። «እኔ ራሴ ዳሸንን የማየው ፋሲል እስኪወጣ ድረስ ነው» አለን። ተናደድን። እኛ 200 ኪሎ ሜትር መጥተናል፣ እሱ ከቤቱ በእግሩ መጥቶ እንዲህ ይላል!

ልጁ ግን ትክክል ነበር። የ2008 ዓ.ም. ውድድር ሲያልቅ ዳሸን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። አንዱ በደረጃው ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ተላለፉ። ወርዶ የሚመለስ ቡድን ብዙ ነው፤ ዳሸን ግን አልተመለሰም። ክለቡ ፈረሰ።

ያን ጊዜ አንድ ቡድን እንዴት «ይፈርሳል» ብለን ነበር። ቡድን ይሸነፋል፣ ይወርዳል፣ ይዋረዳል። ይፈርሳል ግን ምን ማለት ነው? ደጋፊው ምን ይሆናል? ማልያው ምን ይሆናል?

አሁን ሲገባን መልሱ ቀላል ነው። አገራችን ውስጥ አብዛኛው ክለብ የሚኖረው በትኬት ሽያጭ አይደለም፤ በድርጅት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በጀቱን የሚያፀድቀው ሰው ስታዲየም የሚገባው ሰው አይደለም። ስለዚህ ክለቡ እንዲቀጥል የሚወሰነው በጎል ሳይሆን በስብሰባ ነው። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ነበር፤ በ2011 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድኑን ከወረደ በኋላ አፈረሰ፣ ቆይቶ እንደገና አቋቋመ፣ በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ያፈረሰውም ያቋቋመውም ያው ባለቤቱ ነው።

በእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፔሌ የተጫወተበት የኒውዮርኩ ኮስሞስ ትዝ ይላችኋል? ያ ክለብ የመጨረሻ የሊግ ውድድሩን የተጫወተው የት መሰላችሁ? አዳራሽ ውስጥ! አሜሪካኖች የበረዶ ሆኪ ሜዳውን አጥረው፣ ስድስት ስድስት ሆነው፣ ኳሷ አጥሩን እየመታች የምትመለስበት የፕሮፌሽናል ሊግ ነበራቸው። ኮስሞስ በዚያ ሊግ ሲወዳደር በ1977 ዓ.ም. የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ራሱን አገለለ። ይህን ስናነብ ሳቅን። እኛ ከኮስሞስ ጋር አንድ ዓይነት ጨዋታ ነበር የምንጫወተው። አሟሟታችንም ተመሳሰለ።

የእኛ ዳሸን እንዴት ፈረሰ? አንድ ሚያዝያ ላይ ስንመጣ መጋዘኑ ሙሉ ነበር። ባለቤቱ ለሌላ ነጋዴ አከራይተውታል፤ ነጋዴው ደግሞ ማሽላ ሞልቶበታል። አባባ አንገታቸውን ደፍተው «ልጆቼ፣ ምን ላድርግ?» አሉን። ተሳደብን፣ ተቆጣን። ግን ማንም አልበደለንም። መጋዘኑ የኛ አልነበረም። ለሦስት ዓመት የኛ የመሰለን እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ተበተንን። ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ዩኒቨርሲቲ፣ የቀረነው ሰሊጥ ንግድ ላይ። በረኛችን ግን እንደ ብዙ የመተማ ልጅ ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት፣ ከገላባት ካርቱም ገባ።

ድልድዩ ለኛ እንደዚህ ነው። ታሪክ የሚያውቅ ሰው መተማ ሲባል መጋቢት 1881ን እና አፄ ዮሐንስን ያነሳል። እኛ ደግሞ ጳጉሜ 3 ቀን 2004ን እናነሳለን፤ ሱዳን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ያሸነፈችን ቀን። ያን ምሽት ከወዲያ ማዶ ጭፈራው ይሰማ ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ደግሞ ጭፈራው የኛ ሆነ። በማግስቱ እነሱም እኛም ገበያ ላይ ተገናኝተን ሽንኩርት ተገዛዛን።

በ2013 ፋሲል ከነማ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በመስከረም 2014 በቻምፒየንስ ሊጉ የደረሰው ማን ነው? የኦምዱርማኑ አል ሂላል! በረኛችን ከካርቱም ደወለ። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ እዚያ 1 ለ 1፤ ሂላል ከሜዳው ውጭ ባገባው ጎል አለፈ። «ለማን ደገፍክ?» አልነው። «ዳሸን ቢኖር ኖሮ አልቸገርም ነበር» ብሎ ሳቀ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተጀመረ። ስልኩ ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አራት ሳምንት። ድልድዩ ላይ በየቀኑ ሰው ይጎርፋል፤ ሱዳናዊ፣ ኤርትራዊ፣ የኛ ሰው። ከኛ መሃል መተማ የቀሩት ጠዋት ጠዋት ሄደው ይቆማሉ፤ አዲስ አበባ ያለነው ማታ ማታ እንደውላለን። «አለ?» «የለም።» ስለ ኳስ የማናወራበት ወር ያ ብቻ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት መጣ። ከስቶ፣ አንድ ፌስታል ይዞ። እናቱ አቅፈው አለቀሱ። እሱ ውሃ ጠጥቶ፣ ትንሽ አረፍ ብሎ፣ መጀመሪያ የጠየቀን ነገር ምን ይመስላችኋል? «ግንቦት አይደል? መጋዘኑ ባዶ ነው?»

ሄዱና አዩለት። ባዶ ነበር። ግን ተቆልፏል፤ ዘበኛውም አዲስ ሰው ነው፣ አያውቀንም። «የማን ልጆች ናችሁ?» አላቸው። ያለ ባለቤት ፈቃድ አልከፍትም ብሎ አሰናበታቸው። በረኛችን በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ውስጡን አየና፣ ግድግዳው ላይ ኳሷ የተወችው ጥቁር ምልክት አሁንም እንዳለ ነገረን።

ዳሸን ፈርሷል። እኛ ግን ለጊዜው ስምንት ነን፤ ሁለት ሰው ብቻ ይጎድለናል።