ለአዳማ ጥላ የማይሆን ቅጠል

ላይደን፣ ሰኔ

ከአዳማ ለመጣ ሰው ጥላ ማለት ከፀሐይ መሸሻ ነው፤ ኒም ዛፉ ሥር ዱካ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል። እዚህ ሆላንድ ፀሐይ ብቅ ስትል ሰዉ ወንበሩን ተሸክሞ ይከተላታል። ጥላው ሆስታ ለሚባለው የጥላ ተክል ይቀራል።

ሆስታን በደንብ ያየሁት እ.ኤ.አ. በ1590 በተቋቋመው የላይደን ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሥፍራ ነው። ብዙ የሆስታ ዓይነቶች ወደ አውሮፓ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1829 ከጃፓን እንዲባረር በተፈረደበት ጀርመናዊ ሐኪም በፎን ሲቦልድ እጅ ነው። እኔን ያስቆመኝ ዝንጉርጉሩ ነው፤ መሐሉ አረንጓዴ፣ ዳሩ ነጭ። ነጩ ክሎሮፊል ስለሌለው አረንጓዴው ሠርቶ ያበላዋል፤ ኃይለኛ ፀሐይም ቶሎ ያቃጥለዋል። ከመካከሉ ሙሉ አረንጓዴ ቀንበጥ ካበቀለ አትክልተኛው ከነሥሩ ይነቅለዋል፤ ከተወው ጉልበታም ነውና ዝንጉርጉሩን ውጦ ያስቀረዋል። ጠንካራውን ነቅሎ ደካማውን ማስታመም የጠገበ አገር ጨዋታ ይመስለኛል። ዘሩም ያን ነጭ ዳር አይወርስም፤ መልኩን ለማቆየት ሥሩን ከፋፍሎ መትከል ግድ ነው።

ፎቶውን አዳማ ላለችው አክስቴ ላክሁላት። ግቢዋ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ በተተከለ አበባ የተሞላ ነው። “ይሄማ ለኒሙ ሥር ነው የተፈጠረው! ከነሥሩ ላኪልኝ” አለችኝ።

ችግሩ ጥላው አይደለም። ሆስታ በብርዱ ወራት ቅጠሉን ጥሎ አፈር ውስጥ ይተኛል፤ ለሳምንታት ብርቱ ቅዝቃዜ ካላገኘ በዓመቱ በወጉ አያቆጠቁጥም። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብትልም፣ የታኅሣሥ ሌሊቷ ጋቢ ያስደርባል እንጂ ሆስታ አያስተኛም።

ከስምጥ ሸለቆ ወደዚህ የሚመጣው ግን ብዙ ነው። የዝዋይ ጽጌረዳ ስሙ የታወቀ ነው፤ የቆቃ ካቲንግ ግን ብዙም አይወራለትም። አውሮፓ ብርሃን በሚያጥራት ወራት ቆቃ ካሉ እናት ተክሎች ላይ ሥር ያላወጣ ቅንጣቢ ይቆረጣል፤ በካርቶን ታሽጎ በአውሮፕላን ይመጣል፣ እዚህ ሥር ይሰድዳል። ቅንጣቢም እንደ ሆስታው ክፋይ የእናቱን መልክ ሳይለውጥ ይይዛል። የጎረቤቴ መስኮት ላይ ያበበው ጄራኒየም የቆቃ ተወላጅ ሊሆን ይችላል።

ይህንኑ ለአክስቴ ነገርኳት።

“ቆቃማ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አይደል?” አለች። “ታዲያ ለእኛ ለምን አይሸጡልንም?”