በሁለት ሞተር ብስክሌት ወደ ጥርባ

አንባቢ ሆይ! የአዊን አገር በሐምሌ ወር አይተኸው ታውቃለህ? ያላየኸው እንደ ሆነ ከእንጅባራ ጀምር። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍታ የተቀመጠች ስለ ሆነች የክረምቱ ብርድ አጥንት ይገባል። ቀርከሃው በየደጁ ይወዛወዛል፤ የድንቹ ማሳ አረንጓዴ ለብሷል፤ ከከተማው ወጣ ብሎም ጥንት እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጕድጓድ ውስጥ የዘንገና ሐይቅ ተኝቶ ይታያል። ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው ግን ከፊትህ የቆመው ፈረሰኛ ይሁን ዛፍ ለመለየት ያስቸግርሃል።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ ከአንድ የሒሳብ መምህር ባልደረባዬ ጋር ወደ ጥርባ ለመሄድ ተነሣን። ጥርባ የእርሱ የትውልድ መንደር ናት። ለእናቱ ስኳርና ቡና፣ ለታናናሾቹ ደግሞ ደብተር ጭነን እያንዳንዳችን በየሞተራችን ተቀመጥን። እኔ ፊት፣ እርሱ ኋላ ሆነን ጕዞ ጀመርን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉሙ ወረደ። መንገዱ ጭቃ ነበርና ዓይኔን ከፊቴ አላነሣሁም። ወደ ኋላ ዞር ብዬ ባየሁ ጊዜ ጓደኛዬ የለም። «ይደርስብኛል» ብዬ ትንሽ ቆምሁ፤ አልደረሰም። ስመለስ ከአንድ ጥምዝ በታች ከቦይ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። ሞተሩ በእግሩ ላይ ተኝቷል፤ የጋለው የጭስ ማውጫ ባቱን አቃጥሎታል፤ ሁለት እረኞች ሞተሩን ለማንሣት ይታገላሉ። ስልኬን ከዝናብ ልብሴ ሥር ባወጣሁት ጊዜ ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ ኖሮ አንዱንም አልሰማሁትም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በደቂቃ 500 ሜትር ይሄዳል። እኔ ሳላውቅ የተጓዝሁት ስድስት ደቂቃ ያህል ነበር፤ ይኸውም 3 ኪሎ ሜትር ነው። እረኞቹ ባይኖሩ ኖሮ ያ ሁሉ ጊዜ እግሩ ከጋለ ብረት ሥር በቆየ ነበር።

ጥርባ የደረስነው ሲመሽ ነው። እናቱ ቍስሉን አይተው ሲያዝኑ እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሳት ዳር ተቀምጠን ቡና ሲፈላ ጨዋታችን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ዋለ፤ ሁለት ሞተረኞች እየነዱ እንዴት ይነጋገሩ?

ጓደኛዬ በመጀመሪያ ያሰበው የእጅ መገናኛ ሬድዮ፣ ማለትም ወኪ ቶኪ ነበር። በእርግጥም መልካም መሣሪያ ነው። ቍልፉን ስትጫነው ትናገራለህ፣ ስትለቀው ትሰማለህ፤ የስልክ መሥመርም አያሻውም። ነገር ግን ሞገዱ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ የሚሄድ ስለ ሆነ ተራራ ይጋርደዋል። በለጥ ባለ ሜዳ ሁለት አንቴናዎች ከመሬት አንድ ተኩል ሜትር ከፍ ቢሉ፣ የምድር ክብነት ሞገዱን እስኪከለክለው ድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሊደማመጡ ይችላሉ፤ እንደ አዊ ባለ ጕብታና ሸለቆ በበዛበት አገር ግን አንድ ኮረብታ ብቻ ዝም ያሰኛቸዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በአውሮፓ በ446 ሜጋ ኸርዝ የሚሠሩ ግማሽ ዋት ጕልበት ያላቸው ትንንሽ ሬድዮኖችን ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ይይዛቸዋል። ያንን አይተህ ከውጭ አገር ዘመድህ «አምጣልኝ» እንዳትል! በአገራችን በዐዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬድዮ ሞገድን ይቈጣጠራል፤ እንዲህ ያለውን ሬድዮ የሚይዝም ሰው አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል። ጸጥታ በደፈረሰ ጊዜም አንድ መምህር አንቴና ያለው ሬድዮ በደረቱ አንጠልጥሎ ኬላ ቢደርስ፣ ከባልደረባው ጋር ለመጫወት ነው ቢል ማን ያምነዋል? ስለዚህ ይህን ሐሳብ ተውነው። የሬድዮ ፍቅር ያደረበት ተማሪ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚማርበት አለ፤ በአዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የአማተር ሬድዮ ጣቢያ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ስልኩ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ከራስ ቍር ሥር አድርጎ ደውሎ መንዳት ወጪው ትንሽ ነው። ነገር ግን መሥመሩ በየሸለቆው ይጠፋል፤ ኢንተርኔቱንም ብትመካበት በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አትርሳ።

ሦስተኛው በራስ ቍር ላይ የሚታሰር የብሉቱዝ መነጋገሪያ ነው፤ ካርዶና ሴና የተባሉት ድርጅቶች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። የስልክ መሥመር ሳይፈልግ ሁለቱን ሰዎች በቀጥታ ያገናኛል። በሣጥኑ ላይ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል ተብሎ ቢጻፍም ያ ሜዳ ላይ ነው፤ በጥምዝና በዛፍ መካከል ጥቂት መቶ ሜትር ቢደርስ ይበቃሃል በል። ስትገዛ ሦስት ነገር ተመልከት፤ ዝናብ የሚችል ይሁን፣ በጓንት የሚነካ ትልቅ ቍልፍ ይኑረው፣ ድምፅ ማንሻውም ነፋስ እንዳያገኘው ከአፍህ ፊት ከራስ ቍሩ ውስጥ ይቀመጥ። ካልሆነ ጓደኛህ የሚሰማው ቃልህን ሳይሆን ማዕበል ነው።

ይህን ሁሉ ስንከራከር የጓደኛዬ አጎት፣ ሸምገል ያሉ ፈረስ ዐዋቂ፣ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። አዊ የፈረስ አገር መሆኑን ታውቃለህ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ሜዳው በፈረስ ይሞላል። እኔም ለሽማግሌው የሬድዮን ሥርዐት ሳስረዳ፣ ተነጋጋሪው የሚጠራበት ልዩ ስም እንዳለው ነገርኋቸው። ሣቁና፣

«የፈረስ ስም ነዋ! ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ይባሉ የለም?» አሉኝ።

«አዎን አባባ፣ እንደዚያው ነው» አልሁ።

«እንግዲያስ ልጄ፣ ስሙን ከፈረሰኛ ከወሰዳችሁ ሥርዐቱንም ውሰዱ። እኛ በጉም ስንሄድ ፊተኛው በየጥምዙ ዞሮ ያያል። ኋለኛውን ሳያይ ጥምዙን አያልፍም። ደካማ ፈረስ ያለውም ፊት ይሄዳል። አንተ ግን ጠንካራውን ሞተር ይዘህ ፊት ሄድህ» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሞተሬ ከእርሱ ሞተር የበለጠ አዲስ ነበር።

በማግሥቱ ስንመለስ ባቱ በጨርቅ የታሰረው ጓደኛዬ ፊት ሄደ፤ እኔ ከኋላ ተከተልሁ። መነጋገሪያም አልነበረንም። በየጥምዙ ግን ቆም ብሎ እጁን ያነሣልኝ ነበር፤ እኔም መብራቴን ሁለት ጊዜ አበራለት ነበር። በቀስታ ተጕዘን በደኅና ገባን።

ከዚያ ወዲህ ከሁለታችንም ደመወዝ እያጠራቀምን ባለ ብሉቱዙን መነጋገሪያ ገዝተናል። ጠቅሞናል፤ «ጕድጓድ አለ»፣ «ከብት መጣ»፣ «ቁም» ለማለት የሚያህለው የለም። ነገር ግን ሁለት ደንብ አበጅተናል። አንደኛ፣ እየነዱ ወሬ አይወራም፤ ቃሉ አጭር ይሁን። ሁለተኛ፣ ድምፅ ከተቋረጠ ፊተኛው ወዲያው ይቆማል፤ አንድ ደቂቃ ጠብቆ ካላየ ይመለሳል።

አንተም፣ አንባቢ ሆይ፣ ከጓደኛህ ጋር በሞተር አገር ለማየት ስታስብ መሣሪያውን እንደ አቅምህ ምረጥ፤ ሕጉንና በየአካባቢው ያለውን የሞተር ክልከላ አስቀድመህ ጠይቅ። ጥርባ ብትደርስም ከእሳቱ ዳር ቦታ አታጣም። ብቻ ከመነሣትህ በፊት ከሁለታችሁ ደካማው ሞተር የማን እንደ ሆነ እወቅና እርሱን አስቀድም።